ሳይን ግራፍን በአራት ቁጥሮች ማዘዝ፦ ከእኩልታ ወደ ግራፍ፣ ከግራፍ ወደ እኩልታ

ሳይን ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የምትለው ካልኩሌተር ላይ ያለችው ቁልፍ ናት። ግራፉ ደግሞ ያ ከፍ ዝቅ እያለ የሚሄደው እባብ መሰል መስመር ነው። እስከዚህ ችግር የለም። ችግሩ የሚጀምረው እኩልታው ውስጥ ቁጥር መግባት ሲጀምር ነው። 3 ከፊት ይመጣል፣ 2 ቅንፍ ውስጥ ይገባል፣ 30 ይቀነሳል፣ 1 ይደመራል። ተማሪው ሕግ ወደ መሸምደድ ይሄዳል። «ሲቀነስ ወደ ቀኝ፣ ሲደመር ወደ ግራ፣ ከ1 ሲበልጥ ይጠባል፣ ከ1 ሲያንስ ይሰፋል...»። ፈተናው ሲመጣ ሁሉም ይደበላለቃል።

እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አንድ ፈተና ላይ ግራፉን በማስመሪያና በባለቀለም እርሳስ አሳምሬ ሳልኩና 60 ዲግሪ ወደ ቀኝ ወሰድኩት። መሄድ የነበረበት 30 ዲግሪ ብቻ ነበር። ሥዕሉ ያምራል፣ ማርኩ ግን የለም። የተሳሳትኩበትን ምክንያት የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ምክንያቱ ሲገባኝ ግን የሸመደድኳቸው ሕጎች አብዛኛዎቹ አላስፈላጊ ሆኑ። እዚህ የማሳያችሁ ያንን መንገድ ነው። ወረቀትና እርሳስ ያዙ፤ ማንበብ ብቻውን አይበቃም።

አራቱ ፊደሎች

ሁሉንም ነገር በአንድ መስመር እንጻፈው፦

ዋይ = ቁ ሳይን(ድ(ኤክስ − ሽ)) + መ

ፊደሎቹን የመረጥኳቸው ሥራቸውን እንዲናገሩ ነው። ቁ ቁመት ነው፤ ሞገዱ ከመሃል መስመሩ ስንት ይርቃል? በክፍል ውስጥ አምፕሊቲዩድ የሚባለው ማለት ነው። ድ ድግግሞሽ ነው፤ በ360 ዲግሪ ውስጥ ስንት ሙሉ ሞገድ ይገባል? ሽ ሽግሽግ ነው፤ ሞገዱ ወደ ጎን ስንት ተንሸራተተ? ይሄ ፌዝ ሺፍት የሚባለው ነው። መ ደግሞ መሃል ነው፤ ሞገዱ በየትኛው አግድም መስመር ዙሪያ ይወዛወዛል?

አሁን ፊደሎቹ የተቀመጡበትን ቦታ እዩ። ቁ እና መ ከቅንፉ ውጭ ናቸው። ድ እና ሽ ከቅንፉ ውስጥ ናቸው። ለእኔ ጉዳዩ በሙሉ ያለው እዚህ ልዩነት ላይ ነው። የውስጦቹ ሳይን ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ኤክስን ይነካሉ። የውጭዎቹ ሳይን ሥራውን ጨርሶ ያወጣውን ውጤት ይነካሉ። ስለዚህ የውጭዎቹ ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን ይቀይራሉ፤ የውስጦቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያለውን።

መጀመሪያ ንጹሁን ሳይን እወቁት

ምንም ያልተነካውን ዋይ = ሳይን ኤክስ በደንብ ሳያውቁ ወደ ለውጡ መዝለል ዋጋ ያስከፍላል። አምስት ነጥብ ብቻ ያዙ። 0 ላይ ዋጋው 0 ነው። 90 ላይ 1። 180 ላይ ተመልሶ 0። 270 ላይ −1። 360 ላይ እንደገና 0፤ ከዚያ በኋላ ያው ይደገማል። ይህ አንድ ዙር የሚፈጀው ርዝመት ፔሬድ ይባላል፤ ለሳይን 360 ዲግሪ ነው።

አምስቱ ነጥቦች ዙሩን አራት እኩል ቦታ እንደከፈሉት ልብ በሉ። መሃል፣ ጫፍ፣ መሃል፣ ታች፣ መሃል። ኮሳይንም ያው ነው፣ ግን የሚነሳው ከጫፍ ነው፦ ጫፍ፣ መሃል፣ ታች፣ መሃል፣ ጫፍ። እንዲያውም ኮሳይን ማለት 90 ዲግሪ ወደ ግራ የተገፋ ሳይን ነው፤ ሌላ ፍጡር አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ግራፍ ይስላል። ሳይን 30 ስንት ነው? 0.5። ማለትም ከ0 ወደ 1 ከሚወጣው ጉዞ ግማሹን በመጀመሪያዎቹ 30 ዲግሪዎች ጨርሶታል። ለቀረው ግማሽ ግን 60 ዲግሪ ይፈጅበታል። መሃል መስመሩን ሲያቋርጥ ይፈጥናል፣ ጫፉ ጋ ሲደርስ ቀስ ይላል። ስለዚህ ጫፉ ክብ ይሁን፤ ሹል አታድርጉት።

ከቅንፉ ውጭ፦ የሚታዘዙት ሁለቱ

ቁ እና መ ጨዋ ናቸው። ያሏችሁን ያደርጋሉ።

ዋይ = 3 ሳይን ኤክስ ቢባል፣ ሳይን ያወጣው ቁጥር ሁሉ በ3 ይባዛል። 1 የነበረው 3 ይሆናል፣ −1 የነበረው −3፣ 0.5 የነበረው 1.5። 0 የነበረውስ? 0 በምንም ቢባዛ 0 ነው። ስለዚህ ግራፉ የኤክስ አክሲስን የሚያቋርጥባቸው ቦታዎች አይነቃነቁም። ላስቲክ መሃሉን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች እንደመለጠጥ ነው። ቁ ከ1 ካነሰ፣ ለምሳሌ 0.5 ከሆነ፣ ሞገዱ ይጨፈለቃል።

ቁ ኔጌቲቭ ከሆነስ? −3 ሲሆን ቁመቱ ያው 3 ነው፤ ቁመት ርቀት ስለሆነ ኔጌቲቭ አይሆንም። የመቀነስ ምልክቱ የሚያደርገው ግራፉን መገልበጥ ነው። ወደ ላይ ይነሳ የነበረው ወደ ታች ይነሳል። በቃ።

መ ከዚህም ይቀላል። ዋይ = ሳይን ኤክስ + 2 ማለት እያንዳንዱ ነጥብ 2 ከፍ ይላል ማለት ነው። ሞገዱ በ1 እና በ3 መካከል ይወዛወዛል፤ የኤክስ አክሲስን ጨርሶ አይነካውም። መሃሉ አሁን ዋይ = 2 የሚለው አግድም መስመር ነው።

ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ጣሪያና ወለል እናገኛለን። ጣሪያው መ ሲደመር ቁመቱ፣ ወለሉ መ ሲቀነስ ቁመቱ። ለ3 ሳይን ኤክስ + 1 ጣሪያው 4 ነው፣ ወለሉ −2። እዚህ ላይ የተለመደች ስህተት አለች። ከወለል እስከ ጣሪያ 6 ስለሆነ «አምፕሊቲዩዱ 6 ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም፤ የሚለካው ከመሃል ነው፣ ስለዚህ ግማሹ፣ 3።

ቅደም ተከተሉም ይለያል፦ መጀመሪያ ማባዛት፣ ከዚያ መደመር። ቀድማችሁ 1 ደምራችሁ በኋላ በ3 ብታባዙ የምታገኙት 3 ሳይን ኤክስ + 3 ነው። ሌላ ግራፍ።

ከቅንፉ ውስጥ፦ ተቃራኒ የሚሄዱት ሁለቱ

እዚህ ትንሽ እንቆይ። የሰው ልጅ የሚደናበርበት ቦታ ይህ ነው።

ዋይ = ሳይን(2ኤክስ) ብለን እንጻፍ። በ2 ስለተባዛ ግራፉ ሁለት እጥፍ ይሰፋል ብሎ መገመት ያለ ነው። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ በግማሽ ይጠባል። ለምን?

ሳይን ስለ ኤክስ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው ቅንፉ ውስጥ ተሰልቶ የመጣለትን ቁጥር ብቻ ነው። 90 ሲመጣለት ጫፍ ላይ ይወጣል፣ 360 ሲመጣለት ዙሩን ይጨርሳል። አሁን ቅንፉ ውስጥ 2ኤክስ አለ። 90 እንዲመጣለት ኤክስ ስንት መሆን አለበት? 45። 360 እንዲመጣለትስ? 180። ስለዚህ 360 ዲግሪ ይፈጅ የነበረው ዙር በ180 አለቀ። ኤክስ በግማሽ መንገድ ላይ እያለ ሳይን ጉዞውን ጨርሷል። በእጥፍ የሚፈጥን ሰዓት አስቡ፤ ቀኑ በግማሽ ጊዜ ያልቃል።

ከዚህ የሚወጣው ቀመር አጭር ነው፦ ፔሬድ = 360 ÷ ድ። ድ 3 ከሆነ 120፣ ድ 4 ከሆነ 90፣ ድ ግማሽ ከሆነ 720። የመጨረሻውን ደግማችሁ እዩት፤ ሰዓቱ ሲዘገይ ዙሩ ይረዝማል።

በነገራችን ላይ ሳይን 2ኤክስ እና 2 ሳይን ኤክስ አንድ አይደሉም። ነገሩ ግልጽ ይመስላል፣ ግን ፈተና ላይ ሲቸኩሉ ይጠፋል። ኤክስ 30 ሲሆን የመጀመሪያው ሳይን 60 ነው፣ 0.87 ገደማ። ሁለተኛው 2 × 0.5 ነው፣ 1። አንዱ ሞገዱን ወደ ጎን ያጠብበዋል፣ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች ይለጥጠዋል።

አሁን ሽ። ዋይ = ሳይን(ኤክስ − 30) እንበል። ቅንፉ ውስጥ መቀነስ አለ፣ ግራፉ ግን ወደ ቀኝ ይሄዳል። ምክንያቱ ያው ነው። ሳይን የሚነሳው 0 ሲመጣለት ነው። ኤክስ 0 ላይ ቅንፉ −30 ነው፤ ገና አልደረሰም። ኤክስ 30 ሲደርስ ነው ቅንፉ 0 የሚሆነው። ሁሉም ነገር በ30 ይዘገያል፦ መነሻውም፣ ጫፉም፣ መጨረሻውም። በግራፍ ላይ መዘግየት ማለት ደግሞ ወደ ቀኝ መሄድ ነው። ኤክስ + 30 ቢሆን ሳይን 30 ቀድሞ ይነሳል፤ ግራፉ ወደ ግራ ይሄዳል።

እና እኔ ማርክ የጣልኩበት ወጥመድ ይኸውና፦ ሳይን(2ኤክስ − 60)። ዓይን የሚያርፈው 60 ላይ ነው። እስቲ ሳይንን ራሱን እንጠይቀው። ቅንፉ 0 የሚሆነው መቼ ነው? 2ኤክስ − 60 = 0፣ ኤክስ = 30። አለቀ። ሽግሽጉ 30 ነው። በሌላ አጻጻፍ፣ 2ኤክስ − 60 ማለት 2(ኤክስ − 30) ማለት ነው፤ ድ ከውስጠኛው ቅንፍ ሲወጣ ሽ እውነተኛ መልኩን ያሳያል።

ስለዚህ ሕግ አትሸምድዱ። አንድ ልማድ ያዙ፦ ቅንፉ ውስጥ ያለውን በሙሉ መጀመሪያ ከ0 ጋር፣ ከዚያ ከ360 ጋር እኩል አድርጉና ኤክስን ፈልጉ። የመጀመሪያው መልስ ዙሩ የት እንደሚነሳ፣ ሁለተኛው የት እንደሚያልቅ ይነግራችኋል። ለ2ኤክስ − 60 መነሻው 30፣ መጨረሻው 210 ነው። ልዩነታቸው 180፤ ፔሬዱም ሳትፈልጉት መጣ።

አንድ የማይረባ የሚመስል ሁኔታ ቀረ። ኤክስ ራሱ የመቀነስ ምልክት ይዞ ቢመጣስ፣ ለምሳሌ ሳይን(60 − 2ኤክስ)? ሳይን የመቀነስ ምልክትን ወደ ውጭ ያወጣል፤ ስለዚህ ይህ ከ−ሳይን(2ኤክስ − 60) ጋር አንድ ነው። ኮሳይን ግን ምልክቱን ይውጠዋል፤ ኮሳይን(60 − 2ኤክስ) እና ኮሳይን(2ኤክስ − 60) ልዩነት የላቸውም። መጀመሪያ አስተካክላችሁ ጻፉት፣ ከዚያ ሳሉ።

አሁን እንሳል፦ ቤቱ ይቅደም፣ ሞገዱ ይከተል

ምሳሌያችን ዋይ = 3 ሳይን(2ኤክስ − 60) + 1 ይሁን። አብዛኛው ሰው ወዲያው ኩርባውን ይጀምራል። አትጀምሩ። ሞገዱ የሚኖርበትን ቤት መጀመሪያ እንሥራ።

ደረጃ 1። መሃሉን አስምሩ። መ 1 ነው፣ ስለዚህ ዋይ = 1 ላይ በነጠብጣብ አግድም መስመር አድርጉ።

ደረጃ 2። ጣሪያና ወለል። ከመሃሉ 3 ወደ ላይ 4 ላይ፣ 3 ወደ ታች −2 ላይ። እነዚህንም በነጠብጣብ። ሞገዱ ከእነዚህ መስመሮች አይወጣም።

ደረጃ 3። ግድግዳዎቹ። ቅንፉ 0 ሲሆን ኤክስ 30፣ ቅንፉ 360 ሲሆን ኤክስ 210። ሁለቱም ላይ ቋሚ መስመር አቁሙ። አንድ ዙር የሚኖርበት ሣጥን አገኛችሁ።

ደረጃ 4። ሣጥኑን አራት ቦታ ክፈሉ። ስፋቱ 180፣ ሩቡ 45። ስለዚህ ምልክቶቹ 30፣ 75፣ 120፣ 165፣ 210 ላይ ያርፋሉ።

ደረጃ 5። አምስቱን ነጥቦች ጣሉ። ሳይን ነው፣ ቁ ፖዘቲቭ ነው፣ ስለዚህ መሃል፣ ጣሪያ፣ መሃል፣ ወለል፣ መሃል። 30 ላይ 1፣ 75 ላይ 4፣ 120 ላይ 1፣ 165 ላይ −2፣ 210 ላይ 1።

ደረጃ 6። አሁን አገናኙ። ጫፎቹን ክብ አድርጋችሁ፣ መሃል መስመሩ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲያልፍ አድርጋችሁ። ከዚያ በግራም በቀኝም ያንኑ ሣጥን መቅዳት ነው።

ደረጃ 7 የሚባል ነገር ካለ ማረጋገጫ ነው። አንድ ቀላል ኤክስ ምረጡና እኩልታው ውስጥ አስገቡ። ኤክስ 75 ከሆነ 2 × 75 − 60 = 90፤ ሳይን 90 አንድ ነው፤ 3 × 1 + 1 = 4። ሥዕሉም 4 ይላል። ይህች ግማሽ ደቂቃ የምትፈጅ ነገር ብዙ ማርክ ታድናለች።

ዘዴው ለከበደውም ይሠራ እንደሆነ እንየው። ዋይ = −2 ኮሳይን(3ኤክስ + 90) − 1። መሃሉ −1። ጣሪያው 1፣ ወለሉ −3። ግድግዳዎቹ፦ 3ኤክስ + 90 = 0 ሲሆን ኤክስ −30፤ 3ኤክስ + 90 = 360 ሲሆን ኤክስ 90። ስፋቱ 120፣ ሩቡ 30። ኮሳይን በተለምዶ ከጣሪያ ይነሳል፣ ግን ቁ ኔጌቲቭ ስለሆነ ተገልብጦ ከወለል ይነሳል። ስለዚህ −30 ላይ −3፣ 0 ላይ −1፣ 30 ላይ 1፣ 60 ላይ −1፣ 90 ላይ −3። ኤክስ 0ን አስገብታችሁ አረጋግጡ፦ ኮሳይን 90 ዜሮ ነው፣ የሚቀረው −1። ልክ ነው።

ወደ ኋላ፦ ግራፉ ተሰጥቶ እኩልታው ሲጠየቅ

ለእኔ ትክክለኛው ፈተና ይሄ ነው። መሳል በልምድ ይመጣል፤ ግራፍ አይቶ እኩልታውን መጻፍ ግን የገባውንና ያልገባውን ይለያል።

ግራፉ ኤክስ 20 ላይ ጣሪያውን ይነካል፣ ዋጋው 7 ነው። ቀጥሎ ኤክስ 80 ላይ ወለሉን ይነካል፣ ዋጋው −1 ነው። ከዚህ ውጭ የተነገረን የለም፣ አያስፈልግምም።

መሃሉ የሁለቱ አማካይ ነው፦ (7 + (−1)) ÷ 2 = 3። ቁመቱ የልዩነታቸው ግማሽ ነው፦ (7 − (−1)) ÷ 2 = 4። ከጣሪያ እስከ ወለል ግማሽ ዙር ነው፤ 60 ዲግሪ ሄዷል፣ ስለዚህ ሙሉው ፔሬድ 120። ድ = 360 ÷ 120 = 3። እዚህ ላይ ፔሬዱን ራሱን 120ን ድ ቦታ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። ተጠንቀቁ፤ ድ እና ፔሬድ ተቃራኒ ናቸው፣ አንዱ ሲያድግ ሌላው ያንሳል።

የቀረው ሽ ነው። ኮሳይን ከጣሪያ ስለሚነሳ የጣሪያውን ቦታ በቀጥታ እንወስዳለን፦ ዋይ = 4 ኮሳይን(3(ኤክስ − 20)) + 3። ሳይን ይሁን ከተባለ፣ ሳይን ጣሪያ የሚደርሰው ከተነሳ ከሩብ ዙር በኋላ ነው። ሩቡ 30 ነው፣ ስለዚህ መነሻው 20 − 30 = −10። ዋይ = 4 ሳይን(3(ኤክስ + 10)) + 3። ከወለሉ መነሳትም ይቻላል፦ ዋይ = −4 ኮሳይን(3(ኤክስ − 80)) + 3።

ሦስቱም ትክክል ናቸው። አንድ ግራፍ ነው፣ ሦስት ስም ያለው። እንዲያውም ስሙ መጨረሻ የለውም፤ ሽ ላይ 120 በጨመራችሁ ቁጥር አዲስ ትክክለኛ መልስ ይወጣል። መልሳችሁ ከጓደኛችሁ መልስ ስለተለየ ብቻ አትደንግጡ። አንድ ሁለት ነጥብ አስገብታችሁ አወዳድሩ። የምርጫ ነገር ከሆነ ግን እኔ ሁልጊዜ ኮሳይንን ነው የምይዘው፤ የግራፍ ጫፍ በዓይን በቀላሉ ይታያል።

ታንጀንት ላይ ምን ይለወጣል?

ታንጀንት ጣሪያም ወለልም የለውም፣ ስለዚህ አምፕሊቲዩድ የሚባል ነገር አይነሳም። ቁ እዚህ የሚወስነው ግራፉ ምን ያህል ቀጥ ብሎ እንደሚወጣ ነው። ታንጀንት 45 ዋጋው 1 ስለሆነ፣ በቁ ሲባዛ 45 ላይ ያለው ነጥብ ቁ ላይ ያርፋል፤ መለኪያችሁ እሱ ነው። ፔሬዱ 360 አይደለም፣ 180 ነው፤ ቀመሩም 180 ÷ ድ ይሆናል። ግድግዳዎቹ ደግሞ ግራፉ ሊነካቸው የማይችላቸው አሲምቶቶች ናቸው። እነሱን ለማግኘት ቅንፉን ከ−90 እና ከ90 ጋር እኩል አድርጉ። ለታንጀንት(2ኤክስ) −45 እና 45 ይሆናሉ። የቀረው ሁሉ እንደ ሳይን ነው።

ስክሪን ላይ ስትሞክሩት

ዴስሞስ ወይም ጂኦጀብራ የሚባሉት የግራፍ መሳያ ፕሮግራሞች ካሏችሁ አራቱን ፊደሎች በስላይደር (ቁጥሩን በሚቀይር ተንሸራታች ቁልፍ) እየጎተቱ ማየት በጣም ያስተምራል። በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ጎትቱ። ከመጎተታችሁ በፊት ግራፉ ወዴት እንደሚሄድ ገምቱ፤ ሳይገምቱ መጎተት ፊልም ማየት ነው።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ዴስሞስ ሲከፈት ራዲያን ላይ ነው። ራዲያን ሌላ የአንግል መለኪያ ነው፤ 360 ዲግሪ ማለት 2 ፓይ ራዲያን፣ 6.28 ገደማ ነው። ስለዚህ ሳይን(ኤክስ − 30) ብላችሁ ብትጽፉ 30 ራዲያን ይመስለዋል፤ ከአራት ዙር በላይ ይገፋዋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ዲግሪ ቀይሩት። ከቀየራችሁ በኋላ ደግሞ ሞገዱ ጠፍቶ ጠፍጣፋ መስመር ቢመጣባችሁ አልተበላሸም። ስክሪኑ ከ−10 እስከ 10 ዲግሪ ብቻ እያሳያችሁ ነው። የኤክስን ክልል ከ0 እስከ 360 አድርጉት፣ ሞገዱ ብቅ ይላል።

በራዲያን ስትሠሩ ዘዴው አይለወጥም። ቅንፉን ከ0 እና ከ2 ፓይ ጋር እኩል አድርጉ፤ ፔሬዱ 2 ፓይ ÷ ድ ይሆናል።

ቁጥሮቹ ሥራ ሲይዙ

ዲያሜትሩ 120 ሜትር የሆነ ትልቅ የመዝናኛ ጎማ አስቡ። ታችኛው ጫፉ ከመሬት 15 ሜትር ከፍ ይላል፤ አንድ ዙር የሚፈጀው 30 ደቂቃ ነው። ከታች ተሳፍራችሁ ስትወጡ ከፍታችሁ ስንት ነው? ወለሉ 15፣ ጣሪያው 135። መሃሉ 75፣ ቁመቱ 60። ፔሬዱ 30 ደቂቃ ስለሆነ ድ = 360 ÷ 30 = 12። የምትነሱት ከወለል ነው፣ ስለዚህ የተገለበጠ ኮሳይን፦ ከፍታ = −60 ኮሳይን(12 × ደቂቃ) + 75። ከ10 ደቂቃ በኋላ ኮሳይን 120 ማለት −0.5 ነው፤ −60 × −0.5 + 75 = 105 ሜትር። ልብ በሉ፣ በዙሩ አንድ ሦስተኛ ጊዜ ከፍታውን ሦስት አራተኛ ወጥታችኋል። ያ «መሃል ላይ ይፈጥናል» ያልነው ነገር ነው።

ድምፅ ላይ ደግሞ ቁ እና ድ በጆሮ ይሰማሉ። ቁ ሲጨምር ድምፁ ይጎላል። ድ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል። የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚቃኙበት መደበኛ ኖታ በሰከንድ 440 ጊዜ ይወዛወዛል፤ አንድ ፔሬዱ 1 ÷ 440 ሰከንድ፣ ማለትም 2.27 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ሽ ብቻውን ሲቀየር ግን ጆሮ ምንም ልዩነት አይሰማም፤ ያው ኖታ ትንሽ ዘግይቶ መጣ ማለት ብቻ ነው።

ሽ ዋጋ የሚያገኘው ሁለት ተመሳሳይ ሞገድ ሲገናኝ ነው። አንዱን በግማሽ ፔሬድ ብታዘገዩት የአንዱ ጫፍ በሌላው ሸለቆ ላይ ያርፋል፤ ሲደመሩ ዜሮ ይሆናሉ፣ ድምፁ ይጠፋል። ጫጫታ የሚያጠፉ ሄድፎኖች የሚሠሩት በዚህ ሐሳብ ነው፣ ግን በማዘግየት አይደለም። የውጭ ጫጫታ ብዙ ድግግሞሽ የተቀላቀለበት ነው፤ ግማሽ ፔሬዱ ለእያንዳንዱ ይለያያል፣ ስለዚህ አንድ ሽ ለሁሉም አይበቃም። ቁ ላይ የመቀነስ ምልክት ማድረግ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይገለብጣል። ስለዚህ ሄድፎኑ የሰማውን ጫጫታ ገልብጦ ወደ ጆሯችሁ ይልካል።